ጌሙን ከየት ብንገዛው ሞዱ በሰላም ይገባል? ስቲም፣ ጎግ፣ ኤፒክና ኤክስቦክስ አፕ ሲነጻጸሩ

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ተቀምጦ የኮምፒውተር ጌም ሊገዛ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ጋ ይረክሳል?» ብሎ ነው። ሞድ (ተጫዋቾች ጌሙን ለመለወጥ ወይም ነገር ለመጨመር የሚሠሩት ፋይል) የመጫን ሐሳብ ካላችሁ ግን ከዋጋው የሚቀድም ጥያቄ አለ። ያው አንድ ጌም ስሙም ሥዕሉም ሳይለወጥ በገዛችሁበት የኢንተርኔት መደብር (ስቲም፣ ጎግ፣ ኤፒክ ወይም ኤክስቦክስ አፕ) የተነሳ ብቻ ለሞድ ክፍት ወይም ዝግ ይሆናል። አንዴ ከተገዛ ደግሞ ከአንዱ መደብር ወደ ሌላው አይዛወርም፤ ያለው አማራጭ እንደገና መክፈል ነው።

እዚህ ዳር ዳሩን፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን፣ የቤት ኢንተርኔት መስመር ያልደረሰበት ሰፈር ብዙ ነው። ሰዉ የሚጠቀመው በሞባይል ዳታ ወይም ሲም በሚገባበት ራውተር ነው። መብራቱም በክረምት ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ይሄዳል። ስለዚህ ውጭ አገር የተጻፉ ንጽጽሮች ቸል የሚሏቸው ሁለት ጥያቄዎች ለእኛ ዋና መመዘኛ ይሆናሉ። አንደኛ፣ ጌሙ ሳንፈልግ ራሱን እንዳያድስ ማስቆም ይቻላል? ሁለተኛ፣ ጌሙንም ሞዱንም መሃል ከተማ ፈጣን ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ማምጣት ይቻላል?

ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩት። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው ግን በሜጋባይት ነው። ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ይሆናል። በ10 ሜጋቢት መስመር 1 ጊጋባይት ለማውረድ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ በ2 ሜጋቢት ደግሞ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ባልደርስ ጌት 3 በዲስክ ላይ 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል፤ ያን ያህል ፋይል በ10 ሜጋቢት ሳይቋረጥ ቢወርድ እንኳ 33 ሰዓት ገደማ ነው። ስታርዱ ቫሊ በአንጻሩ አንድ ጊጋባይት አይሞላም። ሞድ ለመጀመር ያሰበ ሰው ከትንሹ ቢጀምር ዳታውም ትዕግሥቱም ይተርፈዋል።

ጎግ፦ ፋይሉ በእጃችሁ ሲሆን

ለእኛ አካባቢ፣ ብቻን ለሚጫወቱት ጌም፣ የመጀመሪያ ምርጫችን ጎግ ነው። የሚሸጠው ያለ ቅጂ መቆለፊያ ስለሆነ ከገዛችሁ በኋላ የመጫኛውን ፋይል አውርዳችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ ጌሙ ሲጫንም ሲከፈትም ኢንተርኔት አይጠይቅም። ትልልቆቹ ጌሞች ተከፋፍለው ነው የሚመጡት፤ አንድ የመጫኛ ኤክስኢ ፋይልና ከ4 ጊጋባይት የማይበልጡ በርካታ ቢን ፋይሎች ይሆናሉ። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ገበያ ላይ ያለው ፍላሽ ብዙውን ጊዜ በፋት32 የተፎረመተ ነው፤ ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። የጎግ ፋይሎች ግን ተራ በተራ በፍላሽ ሊመላለሱ ይችላሉ። ሁሉንም በአንድ ፎልደር ውስጥ ከኤክስኢው ጋር አስቀምጡ፤ አንዱ ቢን ከጎደለ ወይም ሲቀዳ ከተበላሸ ጭነቱ መሃል ላይ ስሕተት ብሎ ይቆማል።

ፋይሎቹን በብራውዘር ማውረድ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ አድካሚ ነው። ጎግ ጋላክሲ የሚባለውን አፕ ጫኑና የመጫኛ ቅጂዎቹን በእሱ በኩል አውርዱ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። በዚያው አፕ የጌሙን ማስተካከያ ገብታችሁ ራስ-ሰር ማደሻውን ማጥፋት ትችላላችሁ፤ ለብዙ ጌሞችም ወደ ቀድሞው ቨርዥን የሚመልስ ዝርዝር አለ። ሞድ ለሚጭን ሰው ይህ ዝርዝር ወርቅ ነው።

ለምን እንደሆነ ፎልአውት 4 በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ትልቅ አፕዴት ወጣለትና ጌሙን ከሚያስነሳው ኤክስኢ ፋይል ጋር የተሳሰሩት ሞዶች በአንድ ቀን መሥራት አቆሙ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የወጣው ግዙፉ ፎልአውት ለንደን ሞድ የሚፈልገው ከዚያ አፕዴት በፊት የነበረውን ቨርዥን ነበር። በ2025 ጎግ አንዳንድ ሞዶችን ልክ እንደ ጌም በአንድ ጠቅታ የሚጫኑ አድርጎ ማቅረብ ጀመረ፤ ፎልአውት ለንደንና የሂሮስ 3 ማስፋፊያ የሆነው ሆርን ኦቭ ዘ አቢስ ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ሞዱ የሚገኘው የስቲም የራሱ የሞድ ማከማቻ በሆነው ስቲም ወርክሾፕ ላይ ብቻ ከሆነ የጎግ ገዢ በሩ ላይ ይቀራል። የጎግ ቅጂ ቨርዥን ቁጥርም ከስቲሙ ሊለይ ይችላል። ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን በስቲም 1.6.1170 ሲሆን በጎግ 1.6.1179 ነው፤ ብዙዎቹ ከባድ ሞዶች የሚደገፉበት ኤስኬኤስኢ የሚባለው ፕሮግራም ለሁለቱ ለየብቻ ተዘጋጅቷል። የስቲሙን አውርዶ ጎግ ላይ መጫን የተለመደ ስሕተት ነው።

ስቲም፦ ሞዱ የሚበዛበት፣ አፕዴቱም የማይተኛበት

ስቲም ወርክሾፕ የተከፈተው በ2011 ነው፤ ዛሬ ከሞድ ብዛት አንጻር የሚደርስበት የለም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የሞዱን ገጽ ትከፍታላችሁ፣ ሰብስክራይብ ትላላችሁ፣ ስቲም ራሱ ያወርደዋል፣ ራሱ ያድሰዋል። ሪምወርልድ፣ የመጀመሪያው ሲቲስ ስካይላይንስ፣ ጋሪስ ሞድ ከሆነ ፍላጎታችሁ ሌላ መደብር ማሰብ አያስፈልግም፤ ሕይወታቸው ያለው ወርክሾፕ ላይ ነው።

ግን «ራሱ ያድሰዋል» የምትለዋ ነገር ናት እዚህ ሰፈር ጣጣ የምታመጣው። መቶ ሞድ ሰብስክራይብ ያደረገ ሰው ኮምፒውተሩን በከፈተ ቁጥር ከመቶዎቹ የታደሱት መውረድ ይጀምራሉ፤ የዳታ ጥቅሉ ጌሙ ሳይከፈት ያልቃል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የሞዱ ባለቤት ሥራውን ከወርክሾፕ ሲያነሳው ከእናንተም ኮምፒውተር ሊጠፋ መቻሉ ነው። ለወራት የተጫወታችሁት ሴቭ (የተቀመጠ ጨዋታ) በማግስቱ አልከፈትም ይላል።

መከላከያው ቅጂ መያዝ ነው። ስቲም የወርክሾፕ ሞዶችን የሚያስቀምጠው ስቲምአፕስ በሚለው ፎልደር፣ ከዚያ ወርክሾፕ፣ ከዚያ ኮንቴንት፣ ከዚያ በጌሙ መለያ ቁጥር ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ ነው። ሪምወርልድ 294100፣ ሲቲስ ስካይላይንስ 255710 ነው። ለሪምወርልድ በ294100 ውስጥ ያሉትን በቁጥር የተሰየሙ ፎልደሮች ጌሙ ወደተጫነበት ቦታ፣ «ሞድስ» ወደሚለው ፎልደር ቅዱ፤ ከዚያ ሰብስክሪፕሽኑን ሰርዙ፤ ካልሰረዛችሁ አንዱ ሞድ ሁለት ጊዜ ይታያል። ከዚያ በኋላ ያ ቅጂ የእናንተ ነው፤ ማንም አያድሰውም፣ ማንም አያጠፋውም። ሃርመኒ የሚባለውን ሞድ ከዝርዝሩ አናት፣ ከጌሙ ከራሱም በላይ ማድረግን አትርሱ፤ እሱ ከታች ከሆነ ሌሎቹ በቀይ የስሕተት ጽሑፍ ይሞላሉ።

የጌሙን አፕዴት በተመለከተ ስቲም ሙሉ በሙሉ «አታድስ» የሚል ምርጫ የለውም። የቅርቡ ምርጫ በጌሙ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ያለው «ስከፍተው ብቻ አድስ» ነው። ስካይሪምን በኤስኬኤስኢ ሎደር የሚከፍት ሰው በስቲም በኩል ስለማያልፍ ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ከዚህ ሌላ የስቲም ኦፍላይን ሞድ አለ፤ መጀመሪያ ኢንተርኔት እያለ አንዴ ገብታችሁ የይለፍ ቃሉን እንዲያስታውስ ማድረግ ግን ግዴታ ነው። ይህን ሳያደርጉ ኔትወርኩ ከጠፋ ስቲም ራሱ አይከፈትም።

የማውረጃ ሰዓት መገደቢያም አለ፤ ስቲም ሴቲንግስ ውስጥ ዳውንሎድስ በሚለው ታገኙታላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓት አቆጣጠር ነው። ስቲም የሚያነበው የኮምፒውተሩን ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እንዲጀምርና ከንጋቱ 12 ሰዓት እንዲያቆም ከፈለጋችሁ የምትመርጡት ከ1 እስከ 6 ኤኤም ነው። «7 ኤኤም» ብላችሁ ከሞላችሁ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ መስመሩ በሚጨናነቅበት ሰዓት ይጀምራል።

አንድ የስቲም መልካም ነገር እናንሳ። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ ስቲም ጌሙን ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ ያስተላልፋል፤ ከ2023 ጀምሮ የመጣ ነው። ጎረቤታችሁ ያው ጌም ካለው ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ፤ አርባ ጊጋባይት ያለ አንዲት ሳንቲም ዳታ ይሻገራል። በሁለታችሁም አካውንት ላይ ጌሙ መኖር አለበት።

ኤፒክ

ኤፒክ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ነፃ ጌም ይሰጣል፤ ነፃውን ለመውሰድ ካርድ አይጠይቅም። የዶላር ካርድ ለሌለው ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሞድን በተመለከተ ግን እንደ ወርክሾፕ ያለ ሰፊ ቦታ የለውም። በ2020 በሜክዋሪየር 5 የጀመረው የሞድ አገልግሎት ጥቂት ጌሞችን አልፎ አልሄደም።

ስለዚህ ኤፒክ ላይ ያለው ደንብ ይህ ነው፦ የጌሙ ሞድ «ፋይሉን እዚህ ፎልደር ጣል» የሚባል ዓይነት ከሆነ ይሠራል፤ ወርክሾፕን የሚጠብቅ ከሆነ አይሠራም። ሳይበርፐንክ 2077 በስቲምም በጎግም በኤፒክም እኩል ሞድ ይቀበላል። የመጀመሪያው ሲቲስ ስካይላይንስ ግን በዲሴምበር 2020 ኤፒክ ላይ በነፃ ሲሰጥ የወሰዱት ሰዎች መንገዱና ሕንፃው ሁሉ ወርክሾፕ ላይ መሆኑን ያወቁት በኋላ ነው። ሁለተኛው ሲቲስ ስካይላይንስ ይህን ችግር አስቀርቶታል፤ ወርክሾፕን ትቶ ፓራዶክስ ሞድስ የሚባለውን የሞድ ማከማቻ ስለሚጠቀም ስቲም ላይም ማይክሮሶፍት ላይም አንድ ነው። ባልደርስ ጌት 3 ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በጌሙ ሜኑ ውስጥ ሞድ ዶት አይኦ የሚባለውን የሞድ ማከማቻ ስላስገባ የጎግ ገዢ ከስቲም ገዢ አያንስም። ስካይሪምን ግን ኤፒክ ላይ አትግዙ፤ ኤስኬኤስኢ የኤፒኩን ቅጂ አይደግፍም።

ኤክስቦክስ አፕ

ለሞድ ሲሆን መጨረሻ ላይ የምናስቀምጠው ይህን ነው። ድሮ ጌሞቹ ዊንዶውስአፕስ በሚባል የተቆለፈ ፎልደር ውስጥ ነበር የሚገቡት፤ አሁን ኤክስቦክስጌምስ በሚባል ፎልደር ስለሚጫኑ ብዙዎቹን ከፍቶ ማየት ይቻላል፤ ለአንዳንዶቹም ሞድ የሚፈቅድ ምርጫ አለ። ሆኖም የብዙዎቹ ዋና ኤክስኢ ፋይል እንደተቆለፈ ነው፤ ኤስኬኤስኢን የመሰሉ ፕሮግራሞች አይሠሩም። በፍላሽ የሚመጣ መጫኛ የለም። በጌም ፓስ ከሆነ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያው ሲቆም ጌሙ አይከፈትም፤ ከመክፈላችሁ በፊትም አገራችን አገልግሎቱ ከሚሰጥባቸው ውስጥ መሆኗን አረጋግጡ። ስታርዱ ቫሊ እዚህም ሞዶቹን በሚያስነሳው ኤስኤምኤፒአይ በሚባል ፕሮግራም ሞድ ይቀበላል፤ ግን የኤስኤምኤፒአይን ኤክስኢ በጌሙ ኤክስኢ ስም መሰየም ያስፈልጋል። ስቲምና ጎግ ላይ ይህ አያስፈልግም። በየትኛውም መደብር ቢሆን የኤስኤምኤፒአይን ዚፕ መጀመሪያ ፍቱት፤ ዚፑ ውስጥ እያለ መጫኛውን መጫን የጀማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ስሕተት ነው።

ከመደብሩ ውጭ ያለው መንገድ፦ ኔክሰስ

በየትኛውም መደብር ብትገዙ የነጠላ ተጫዋች ጌም ሞድ ብዙው ያለው ኔክሰስ ሞድስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ነው። አካውንቱ ነፃ ነው፤ ፍጥነቱ ላልከፈለ ሰው የተገደበ ቢሆንም የእኛ መስመር ራሱ ከገደቡ በታች ስለሚሆን አይሰማም። የሚሰማው ኮሌክሽን የሚባለውን፣ ብዙ ሞድ በአንድ ላይ የታሸገበትን፣ ስታወርዱ ነው፤ ያልከፈለ ሰው እያንዳንዱን ሞድ በየተራ መጫን አለበት፤ ሦስት መቶ ሞድ ማለት ሦስት መቶ ጊዜ መጫን ነው።

መሃል ከተማ አውርዳችሁ የምትመጡ ከሆነ «ማኑዋል» የሚለውን ምረጡ፤ ዚፑን ቤት ወስዳችሁ ቮርቴክስ የሚባለው ሞድ ማደራጃ ላይ ጎትታችሁ መጣል ትችላላችሁ። ከማውረዳችሁ በፊት በሞዱ ገጽ ላይ «ሪኳየርመንትስ» የሚለውን ከፍታችሁ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ሞዶች አብራችሁ አውርዱ። አንዲት ትንሽ ፋይል ረስቶ ከሰንዳፋ እንደገና ወደ መሃል ከተማ ታክሲ መሳፈር የሚያሳዝን ነገር ነው።

ሞድ ማደራጃውን ስትመርጡ ዲስካችሁን ተመልከቱ። ቮርቴክስ ሞዶቹን ወደ ጌሙ የሚያያይዘው ሃርድ ሊንክ በሚባል መንገድ ነው፤ ስለዚህ የሞዶቹ ማስቀመጫ ፎልደርና ጌሙ በአንድ ድራይቭ ላይ መሆን አለባቸው፤ ድራይቩም በኤንቲኤፍኤስ የተፎረመተ መሆን አለበት። በኤክስፋት የተፎረመተ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ አይሠራም። ሞድ ኦርጋናይዘር 2 በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው፤ የጌሙን ፎልደር ሳይነካ ሞዶቹን ጌሙ ሲከፈት ብቻ ያሳየዋል። ተንቀሳቃሽ አድርጋችሁ ከጫናችሁት ሞዶቹ ሁሉ በአንድ ፎልደር ስለሚሆኑ በቅጂ ማስቀመጥ ይቀላል። ጌሙን ሁልጊዜ ከሞድ ኦርጋናይዘር ውስጥ ክፈቱ፤ ዴስክቶፕ ላይ ካለው ምልክት ከከፈታችሁት ያለ ሞድ ይነሳል።

ኳስና ጂቲኤ

ፉትቦል ማኔጀር ለሚወድ ሰው መደብሩ ብዙ አያሳስብም። በ2024ቱ እትም ከአፍሪካ ሊጎች ያለ ተጨማሪ ፋይል የሚጫወቱት የደቡብ አፍሪካን ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ለማስገባት ተጫዋቾች የሠሩት የኤዲተር ፋይል ያስፈልጋል። ስቲም ላይ ከወርክሾፕ ይወሰዳል። በሴፕቴምበር 2024 ኤፒክ በነፃ ሲሰጠው የወሰደ ሰው ደግሞ ፋይሉን ዶክዩመንትስ ውስጥ፣ ስፖርትስ ኢንተራክቲቭ፣ ከዚያ ፉትቦል ማኔጀር 2024፣ ከዚያ «ኤዲተር ዳታ» በሚል ፎልደር ያስቀምጠዋል። አዲስ ጌም ከመጀመራችሁ በፊት መግባት አለበት፤ በተጀመረ ሴቭ ላይ ሊጉ አይመጣም። የክለብ ዓርማና የተጫዋች ፎቶ «ግራፊክስ» በሚለው ፎልደር ይገባል፤ ካልታየ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ካሹን አጽዱና ስኪኑን እንደገና ጫኑ።

ጂቲኤ 5 በስቲምም በኤፒክም በሮክስታርም ሞድ ይቀበላል፤ ለታሪክ ጨዋታው ብቻ። ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ ባትልአይ የሚባል ጠባቂ ስለገባበት በሮክስታር ላውንቸር ሴቲንግስ ውስጥ ካላጠፋችሁት ብዙ ሞዶች የሚደገፉበት ስክሪፕት ሁክ የሚባለው ፕሮግራም አይነሳም። በማርች 2025 የመጣው ኢንሃንስድ የሚባለው እትም ከአሮጌው ሌጋሲ ይለያል፤ የቆዩት ሞዶች ብዙዎቹ ለሌጋሲ የተሠሩ ናቸው። በሞድ ኦንላይን መግባት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ አካውንት ያሳግዳል።

ከሱቅ በሃርድ ዲስክ ስለሚቀዳው ጌምም አንድ ነገር እንበል። ወርክሾፕ አይከፍትለትም፤ ቨርዥኑም ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ሞዱ የሚከሽፈው በዚህ ነው። የብዙ ጌሞችን ቨርዥን ለማወቅ ኤክስኢው ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ ግቡ፤ ቁጥሩ እዚያ ተጽፏል።

ክፍያና መመለስ

በብር የሚሠራው የባንክ ካርድ እነዚህ መደብሮች ላይ አይከፍልም፤ ለውጭ ክፍያ የተዘጋጀ ካርድ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ያስፈልጋል። አሜሪካ ያለች እህታችሁ በስቲም ዲጂታል ጊፍት ካርድ ልትልክላችሁ ከፈለገች ቢያንስ ለሦስት ቀን በስቲም ጓደኛ ሆናችሁ መቆየት አለባችሁ፤ ስለዚህ ቅናሹ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው መጠየቅ ከንቱ ነው። ጎግ ላይ ስጦታው በኢሜይል ይላካል፤ መጠበቅ የለም።

ሞዱ ካልሠራ ገንዘብ ማስመለስም ይቻላል፤ ጊዜው ግን ይለያያል። ስቲምና ኤፒክ በ14 ቀን ውስጥና ከ2 ሰዓት ያልበለጠ ከተጫወታችሁ ይመልሳሉ፤ ጎግ 30 ቀን ይሰጣል፣ ተጫውታችሁበትም ቢሆን። ቀኑ የሚቆጠረው ከተገዛበት ጀምሮ እንጂ ወርዶ ካለቀበት አይደለም። በቀጭን መስመር ስድስት ቀን የሚወርድ ጌም ስቲም ላይ ስትገዙ መጀመሪያ የምታወርዱበትን ቦታና ዳታ አዘጋጁ፣ ከዚያ ክፈሉ። ጌሙ እንደተጫነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ያሰባችሁትን ትልቁን ሞድ ብቻውን ጫኑና ዋናው ሜኑ ላይ ደርሶ አንድ ሴቭ ከፍቶ እንደሆነ እዩ፤ ይህ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ሁለቱም ሰዓት ገና አላለቀም።